ቃሬዛው መሬት አይንካ

አርባ ሁለት ገጽ መመሪያ ይዤ መሐል ሜዳ ከተማ ስገባ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያ መመሪያ ዛሬ አሥራ አንድ ገጽ ነው። የቀረው ገጽ እንዴት እንደ ወደቀ ስናገር ስለ ሥራ የማወራ ይመስላል፤ የማወራው ግን ስለ ቅጣው ነው። ከእነዚያ ገጾች ውስጥ አንዱ እሱን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

እፀገነት እባላለሁ። የድንገተኛ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ፕሮጀክት መንገድና መሣሪያ በሌለበት አገር ለሚሠሩ የአምቡላንስ ሠራተኞች መመሪያ አዘጋጂ ብሎ ለስምንት ወር ወደ መንዝ ላከኝ። ረቂቁን የጻፍኩት አዲስ አበባ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከሌላ አገር መመሪያዎች እየቀዳሁ ነው። ኦክስጅን አለበት፤ የልብ ምት የሚያሳይ ማሽን አለበት፤ በየመኪናው ሁለት የሠለጠኑ ባለሙያዎችና አንድ ሹፌር አሉበት።

መጀመሪያ ቀን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያገኘሁት ሁለት እግር ነው። ባለቤቱ አምቡላንሱ ሥር ተኝቶ ፍሬን ያስተካክላል። ለእግሮቹ ሰላምታ ሰጥቼ የአምቡላንሱ ሠራተኞች የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ሰውየው ወጥቶ ተነሣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ ላይ የግሪስ ጠብታ ያለበት ሰው ነው።

«ሹፌሩ እኔ ነኝ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ባለሙያዎቹስ?»

«እነሱም እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

ስለ ኦክስጅኑ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ቅጣው የግሼ ሰው ነው፤ እናቱ ራቤል አጠገብ ገብስ እየዘሩ፣ በግ እያረቡ ነው ያሳደጉት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ መንጃ ፈቃድ አወጣ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን አምቡላንስ ሲነዳ አራት ሕፃናት መኪናው ውስጥ ተወልደዋል፤ አዋላጁ እሱ ራሱ ነበር። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እሱ ስለ ራሱ አያወራም። ሰው ሲያናግረው ግን የያዘውን ሥራ ትቶ ነው የሚሰማው፤ እንደዚያ የሚሰማ ሰው እኔ ብዙ አላየሁም።

ረቂቁን በእጄ፣ እስክሪብቶ በጆሮዬ አድርጌ በየጥሪው አብሬው መውጣት ጀመርኩ። በየጉዞው አንድ ገጽ ይሰረዛል። ለብርድ መከላከያ ልዩ ብርድ ልብስ ይደረብለት ይላል የእኔ ጽሑፍ፤ ቅጣው ከመቀመጫው ኋላ የበግ ጠጉር ባና አውጥቶ በሽተኛውን ይጠቀልላል፤ የመንዝ ብርድም ከባናው ሌላ የሚያከብረው የለም። ለሥራ ክፍሉ በሬዲዮ ያሳውቅ ይላል፤ ቅጣው ከመሐል ሜዳ እስከ ዘመሮ ስልክ የሚይዝበትን ጉብታ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። የገበያ ቀን ሳይረን አያሰማም፤ በጉ ከተበተነ መንገዱ አንድ ሰዓት ይዘጋል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እውነት መሆኑን እየሰረዝኩ ተማርኩ።

አንድ ቀን ከዘመሮ እግሩ የተሰበረ ገበሬ ይዘን ስንመለስ እኔ ከኋላ ሆኜ እግሩን ደግፌ ነበር። ቅጣው በየመሐሉ «ጉድጓድ» ይላል፤ እኔ እግሩን አጥብቄ እይዛለሁ፤ መኪናው ይዘላል። ትንሽ ይቆይና ደግሞ «ጉድጓድ» ይላል። እንዲህ ሆነን ሰውየው አንዴም ሳይጮህ ደረስን። በመስተዋቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ይሄን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«የሚጮሁት ናቸው ያስተማሩኝ» አለ።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ሹፌሩ ጉድጓድ ከመድረሱ በፊት ድምፅ ያሰማ» ብዬ መመሪያው ላይ ጻፍኩ። በአራት ወር ውስጥ ከልቤ የረካሁበት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ማለቱን ተወ፤ አንቺ፣ አንተ ተባባልን። ጥሪ በሌለ ቀን ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን የቀረውን ገጽ እናነባለን። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ዝም ካለ ገጹ አለፈ ማለት ነው፤ ጭንቅላቱን ካከከ እሰርዛለሁ። ከንባቡ ዝምታው እየጣመኝ መጣ። አንዳንዴ የማያሻውን ገጽ ደግሜ አነብለት ነበር። ወደድኩት፤ ይኸው ነው። ለራሴ ለመናገር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ለእሱ ግን አልተናገርኩም። እሱም እንደወደደኝ አውቅ ነበር። የመኪናውን የፊት ወንበር ጨርቅ ሲያጥብ ያየሁት እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ሰባት ዓመት ታጥቦ አያውቅም ብላ ጽዳቷ ሴትዮ ነግራኛለች።

ከዚያ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ደረስን።

በመንዝ ገደል ሥር ላሉ ሰፈሮች መኪና አይደርስም። በሽተኛውን የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መንገድ ያወጣዋል፤ ለዚህም በየቀበሌው የቃሬዛ ማኅበር አለ። አራት ሰው ይሸከማል፤ ሌላው ይከተላል፤ የደከመው ትከሻውን ለተከታዩ ይለቃል። እኔን ያስጨነቀኝ ደም የሚፈሳት ወላድ ናት። እስከ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ማንም ሳያያት ትመጣለች። ስለዚህ ዘጠነኛው አንቀጽ፣ ቃሬዛው በየአሥራ አምስት ደቂቃው መሬት ይቀመጥ፤ ደሟ ይታይ፣ የእጇ ትርታ ይቆጠር፣ ማህፀኗ ይታሽ ይላል።

ገደል አፋፍ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ከሥር የሚወጣ ቃሬዛ እየጠበቅን ነው ያነበብኩለት። ቅጣው ጭንቅላቱን አላከከም፤ ወደ ገደሉ አየ።

«ዘጠኝን ተይው» አለኝ።

«ለምን?»

«በሽተኛ መንገድ ላይ አይቀመጥም።»

«እኮ ለምን አይቀመጥም?»

ዓይኑን ከገደሉ አላነሣም። ቆይቶ፣ ሰዉ አይወደውም፣ ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ዘጠነኛውን አንቀጽ እወደው ነበር። ከአርባ ሁለቱ ገጽ ከማንም ሳልቀዳ ከራሴ አውጥቼ የጻፍኩት እሱን ብቻ ነበር። በየጉዞው ስሰርዝ ስለከረምኩ ይሄኛው እንኳ ይትረፍልኝ ብዬ ነው መሰለኝ የተናደድኩት።

«ሰዉ አይወደውም ተብሎ መመሪያ አይቀየርም» አልኩ። «አንተ ሹፌር ነህ፤ መኪናህን ንዳ። ሕክምናውን ለእኔ ተወው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቅጣው እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ ሲስተር። እንዳሉት ይሁን» አለ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱ ሆንኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ ያን ዕለት ኩራቴ ከለከለኝ፤ በማግስቱ ደግሞ ካለፈ በኋላ ምን ይባላል አልኩ። እንዲያው ሲባል ሳምንት ሆነ።

በዚያው ሳምንት ዘጠነኛውን አንቀጽ ለመሞከር ዝግባ በር ወደምትባል ቀበሌ ወረድኩ። የቃሬዛ ማኅበሩ አለቃ አያ ፈንታ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ትከሻቸው እንደ ሞፈር የጠነከረ ሰው። ሃያ ሰው ሰበሰቡልኝ። ቃሬዛው ላይ አንድ ጆንያ ገብስ ጭኜ እንዴት ቀስ ብለው እንደሚያስቀምጡ፣ እንዴት እንደሚያነሡ ግማሽ ቀን አሠለጠንኳቸው። ጆንያውን እንደ እንቁላል አድርገው አስቀመጡልኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰብሊ ትርታ አቆጣጠሩን ተማረች። ጥያቄ አለ ወይ ስል አንድም እጅ አልተነሣም። ሁሉም እሺ አሉ። እሺ ይበልጣል ከሺ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከዝግባ በር ተደወለ። ጌታነሽ የምትባል ወጣት ቤቷ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል፤ ሰብሊ ያላትን መድኃኒት ሰጥታ ቃሬዛው ተነሥቷል። እኔና ቅጣው ቃል ሳንለዋወጥ ገደሉ አፋፍ ደርሰን ቆምን።

አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ገደሉ መንገድ ላይ ስልክ አይሠራም። ቅጣው በሩን ከፍቶ ወረደ።

«እርስዎ መኪናው ጋ ይቆዩ» አለኝና ቁልቁል ሮጠ።

የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው። ተሸካሚዎቹ እንዳሠለጠንኳቸው በየአሥራ አምስት ደቂቃው እያሳረፉ መጥተው ከአንዲት መንደር በታች ጌታነሽን መንገድ ዳር አስቀመጧት። ሰብሊ ልታያት ተንበረከከች። ከላይ እርሻ ላይ የነበረች ሴት ነጠላ የለበሰ ሰው ቃሬዛ ላይ፣ ቃሬዛው መሬት ላይ አየችና እሪ አለች። መንደሩ ደረቱን እየደቃ ወረደ። አንዱ ቄስ ሊጠራ ሮጠ። የጌታነሽ ባል ሚስቱ የሞተች መስሎት ላይዋ ላይ ወደቀ። ጌታነሽ የገዛ ለቅሶዋን ሰምታ፣ ሞቻለሁ እንዴ ብላ ሰብሊን ጠየቀቻት፤ ከዚያም ዓይኗን ጨፈነች። ሰብሊ አልሞተችም ብላ ብትጮህ ማን ይስማት። ቅጣው ሲደርስ ያ ሁሉ ሰው ቃሬዛውን ከቦ ያለቅሳል። ሰውን ገፍቶ ገብቶ ትከሻውን ከቃሬዛው አንዱ አግዳሚ እንጨት ሥር አደረገ፤ አያ ፈንታም በሌላው ገቡ፤ ተነሡ።

አፋፉ ላይ ስቀበላት ከንፈሯ ነጥቷል። ከኋላ ሆኜ ማህፀኗን እያሸሁ፣ ጉሉኮሱን በጥርሴ እየያዝኩ እስከ ሆስፒታል ሄድን። ቅጣው እኔን ሳያይ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ጉድጓድ» ይል ነበር። ደም ተገኘላት። ሁለት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሆና በሦስተኛው ቀን ልጄን አምጡልኝ አለች።

ልጠይቃት ስሄድ አያ ፈንታን ከአልጋዋ አጠገብ አገኘኋቸው። ደጅ ወጥተን ተቀመጥን። ለምን ያን ቀን አልነገራችሁኝም አልኳቸው።

«ምኑን ልጄ?»

«ቃሬዛ መሬት እንደማይቀመጥ።»

አያ ፈንታ እስኪገባቸው ድረስ ትንሽ አዩኝ። ይህን የማያውቅ አዋቂ ሰው ይኖራል ብለው አስበው አያውቁም።

«መንገድ ላይ የሚያርፍ የሞተ ነው» አሉኝ። «ሰባት ቦታ ያርፋል፤ ፍትሐት ይደገምለታል። ሕያው ሰው አንዴ ከቤቱ ከተነሣ የሚወርደው ሐኪም ደጅ ነው። በመሐል ትከሻ እንለዋወጣለን እንጂ አናሳርፈውም።»

«ታዲያ ለምን እሺ አላችሁኝ?»

«ለእኛው ብለሽ ከሩቅ መጥተሽ፣ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ስትደክሚ ውለሽ፣ አይሆንም እንዴት ይባላል? ደግሞስ ያን ቀን የጫንሽልን ገብስ ነው። ገብስ ቢያርፍ ምን አለበት?»

 ቅጣውስ ለምን አልነገረኝም ስላቸው የት ሆናችሁ ጠየቅሽው አሉኝ። አፋፍ ላይ፣ ቃሬዛ እየጠበቅን አልኩ።

«ቃሬዛ እየጠበቀ ስለ ፍትሐት የሚያወራ ሰው አለ እንዴ? ሟርት አይሆንም?» አሉ አያ ፈንታ። «ከዚያ ሌላ ጊዜ ብትጠይቂው ይነግርሽ ነበር።»

ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ ብሎኝ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። ሌላውን ጊዜ ያሳጣሁት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ የፕሮጀክቱ ኮሚቴ ነገሩን ለመመርመር ከአዲስ አበባ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ፍቅረ ሥላሴ የተባሉ ትሑት፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው ጥፋት አገኙ፤ ሹፌሩ መኪናውን ጥሎ ሄዷል። በመመሪያው አራተኛ አንቀጽ ሹፌር መኪናውን ጥሎ አይሄድም። አራተኛውን አንቀጽም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅጣው ከሥራ ይነሣ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ለእኔ ደግሞ ከስብሰባው በፊት በግል፣ መመሪያው በዚህ ወር ከጸደቀ አዲስ አበባ ያለው የአስተባባሪነት ቦታ የአንቺ ነው ብለውኛል።

ቅጣው ተጠርቶ ገባ። በሽተኛዋ ለምን ዘገየች ተባለ። ቆሞ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ የመንገድ ነገር ነው አለ። ሌላ የምትለው አለ ወይ ሲባል የለኝም አለ። ወደ እኔ አንዴም አላየም። ስሜን ቢያነሣ ነፃ እንደሚወጣ ያውቃል፤ እኔም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ያመመኝን ሕመም መመሪያ አያክመውም።

ተነሣሁ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተይው ያለኝ እሱ ነው፤ ምክንያቱን ሳልጠይቅ ሹፌር ነህ ብዬ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ መኪናውን ጥሎ ባይወርድ ጌታነሽ ዛሬ የለችም አልኩ። እያንዳንዱን ቃል ለየብቻ ነው ያወጣሁት። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ሁሉንም ጻፉ። ቅጣው ሥራው ላይ ቆየ። ዘጠነኛው አንቀጽ ታገደ። የአዲስ አበባው ቦታ ለጊዜው ይቆይ ተባለ፤ እንዲህ የተባለ ነገር መቼም እንደማይመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ያውቀዋል።

ውጭ፣ አምቡላንሱ አጠገብ ደርሼበት ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ምንም አይደል፣ ሲስተር» አለ። «ደግሞ ያሉት እውነት ነው። እኔ ሹፌር ነኝ፤ እርስዎ ነገ ይሄዳሉ።»

በጨዋ ደንብ በር ዘጋብኝ። የመሐል ሜዳ ቆይታዬ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። መመሪያዬ መሐሉ ባዶ ነው፤ የምወደው ሰው ደግሞ አንቱ ይለኛል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማዳን ከቻልኩ የትኛውን እንደምመርጥ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም፤ ቢጠይቁኝ አላፍርም ነበር።

ወደ ዝግባ በር ተመልሼ ወረድኩ። በዚህኛው ጊዜ አላሠለጠንኩም። ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ወላዷን እንዴት እንያት ብዬ ጠየቅሁ። ተሸካሚዎቹ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አወሩ። አግዳሚውን ከትከሻ ወደ እጅ ዝቅ አድርገን፣ ቆመን ወገባችን ላይ እንይዘዋለን አሉ። አንድ ሰው ከጎን ይሂድ፤ ዝቅ ሲል ደሟን ይይ፣ ትርታዋን ይቁጠር። ከሩቅ የሚያይ ሰውም ቃሬዛው በሰው እጅ ላይ እንዳለ ያያል፤ አያለቅስም። የእኔን ግማሽ ዓመት የፈጀው ነገር በግማሽ ሰዓት አለቀ።

የቀረው በእውነተኛው ዳገት መሞከር ነው። ገብስ ትርታ የለውም፤ ሰው መተኛት አለበት። ማን ይተኛል ስል ሁሉም ወደ ኋላ አሉ። ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አይተኛም፤ ሞትን እንደ መጥራት ነው። እኔ እተኛለሁ አልኩ። ሴቶቹ አማተቡ።

ሰብሊ መዝጋቢ ሆነች። ትርታ መቁጠር የሚያውቅ፣ ከጎን የሚሄድ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከቅጣው በቀር። እሱ መኪናውን አፋፉ ላይ ለጠባቂ ትቶ እኔን ለማድረስ ወርዶ ነበር። አያ ፈንታ ና እንጂ አሉት። እሳቸውን እንቢ ማለት አይቻልም።

አራት ሆነው አነሡኝ። አያ ፈንታ ከፊት ሆነው «ካልታዘልኩ አላምንም አለች አሉ ሙሽራ» አሉ፤ ሴቶቹ ፍርሃታቸውን ረስተው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በሽተኛ ምን እንደሚያይ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ሰማይ ይታያል፤ የተሸካሚዎቹ ጆሮና አንገት ይታያል፤ የሚሰማው ትንፋሻቸው ነው። የት እንደሚወስዱህ አታይም፤ ያለህ ነገር ቢኖር የተሸከመህ ሰው ብቻ ነው።

አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ አያ ፈንታ ቆሙ። አግዳሚው ከትከሻ ወደ እጅ ወረደ፤ ቃሬዛው ወገባቸው ላይ ቆመ። ቅጣው መጣ። ጎንበስ ብሎ እጄን አነሣና ሁለት ጣቱን የእጅ አንጓዬ ላይ አደረገ፤ በሌላው እጁ ስልኩን ይዞ ሰዓት ያያል። ከዚያ የተረገመ አፋፍ ወዲህ ለሰላምታ እንኳ እጄን ነክቶ አያውቅም። ፊቱ ከፊቴ አንድ ክንድ ይርቃል። አንድ ደቂቃ ይህን ያህል ርዝመት እንዳለው አላውቅም ነበር። ከንፈሩ ቁጥር ይቆጥራል፤ ቆይቶ መቁጠሩን ትቶ እኔን አየኝ፤ ደግሞ ቶሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ደቂቃው አለቀ። ቀና ብሎ ለሰብሊ ተናገረ።

«ሰባ ስድስት።»

ነርስ ነኝ። የልቤን ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ እየሰማሁት፣ እኔም ስቆጥር ነበር። እንዳላፍር ብሎ፣ በሰው ፊት ሊሸፍነኝ ብሎ ነው የዋሸው። ቢያልፍ ኖሮ ያልፍ ነበር፤ እኔም ወርጄ፣ አመስግኜ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ አውቶቡስ እሳፈር ነበር።

«ውሸቱን ነው፣ ሰብሊ» አልኩ ከተኛሁበት። «መቶ አሥራ አራት ነው። እውነተኛውን ጻፊ።»

አያ ፈንታ ደነገጡ። ከመቶ አሥር በላይ ከሆነ አደጋ ነው ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ በራሴ መመሪያ አስቸኳይ በሽተኛ ሆኛለሁ።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«አላመመኝም፣ አያ ፈንታ። እሱ እጄን ሲይዘኝ ነው እንዲህ የሚሆነው። ከግንቦት ጀምሮ ነው።»

 ከዚያ ከኋላ ካሉት ተሸካሚዎች አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ሌላው ተከተለ፤ ቃሬዛው ይናጥ ጀመር። አያ ፈንታ እሳቸውም እየሳቁ፣ ቃሬዛው መሬት አይንካ እያሉ ይቆጣሉ። ሰብሊ እስክሪብቶዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች።

ቅጣው አልሳቀም። እጄንም አልለቀቀም።

«እኔ እኮ ሹፌር ነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ።

«አውቃለሁ። እኔን እስከ ሐኪም ደጅ የሚያደርስ ሌላ ሰው አላውቅም። አልሄድም፣ ቅጣው።»

 ዓይኑ ሞላ፤ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«እፀገነት» አለ፤ ስሜን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። «በሥራ ላይ ዋሸሁ። ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

መመሪያው በመስከረም ታተመ፤ እኛ ደግሞ በጥር ተጋባን፤ ሁለቱም የሆነው ያን ቀን ነው ብዬ ነው የምቆጥረው። አያ ፈንታ እንነሣ አሉ፤ አግዳሚው ወደ ትከሻ ወጣ፤ ዳገቱ ቀጠለ። እስከ መንገዱ ድረስ አምስት ጊዜ ዝቅ አደረጉኝ። አምስቱንም ጊዜ ቅጣው እጄን ያዘና ቆጠረ፤ አንዴም ከመቶ አልወረደም። አምስቱንም ጊዜ ቁጥሩን ሳይቀንስ፣ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ተናገረ።